የአባየ ማርና የአፍንጫዬ ቁንጭር

መጀመሪያ ያየሁት ብጉር ነበር። ከጥምቀት ማግሥት፣ በቀኝ በኩል ከአፍንጫዬ ክንፍ ላይ፣ ከምስር ያነሰ ቀይ ነገር ወጣ። አያምም። አያሳክክም። ጨመቅሁት፤ ምንም አልወጣውም። ሳምንት ሲያልፍም እዚያው ነበር፣ ጠንከር ብሎ።

ይህን የምጽፈው ፊታቸው ላይ የማይድን ቁስል ይዘው ቤት ለተቀመጡ ሰዎች ነው። በተለይም እንደኔ በአዊ አገር ላደጋችሁ፤ ማር ከቤታችን ጠፍቶ ስለማያውቅና ማር ሁሉን ያድናል እየተባልን ስላደግን። ማርን ልነቅፍ አልተነሳሁም። የንብ አርቢ ልጅ ነኝ፣ ዛሬም ፊቴን እቀባዋለሁ። ነገር ግን ማር የት ድረስ እንደሚረዳና የት ላይ እንደሚያቆም ያወቅሁት አፍንጫዬን ላጣ ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

ዳንግላ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። የስፌት መኪናዬ ከበሩ አጠገብ ስለሆነ መንገደኛው ሁሉ ያየኛል። ሰው ስለካም ፊቴ ከፊቱ ይገጥማል፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ እያልኩ ሜትሩን ሳዞር ትንፋሻችን ይገናኛል። ስለዚህ ፊቴን መጠበቅ ከሥራዬ እንደ አንዱ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በለብ ያለ ውኃ ታጥቤ ማር በስሱ እቀባለሁ፤ ቆዳዬ መወጠር ሲጀምር እታጠበዋለሁ። የበጋ ነፋስ ያደረቀውን ፊት እንደዚያ የሚያለሰልስ ነገር አላውቅም። ደንበኞቼ ምን ቅባት እንደምጠቀም ሲጠይቁኝ «የአባየን ማር» እል ነበር፣ ኮራ ብዬ።

አባየ የምላቸው አባቴ ጥርባ አካባቢ ገበሬ ናቸው። ቀፎዎቻቸው ከገደሉ ሥር ናቸው። ኅዳር ላይ ማር ሲቆረጥ ሁልጊዜ እየሄድኩ አግዛቸዋለሁ። ማር የሚቆረጠው አመሻሽ ላይ፣ ንቡ ሲረጋ ስለሆነ እዚያው አምሽተን እዚያው ጎጆ ውስጥ እናድራለን። የዚያን ዓመትም ገደሉ ላይ ሽኮኮ ሲጮህ እየሰማሁ አድሬ ነበር። ትንኝ ቢነክሰኝም ቁም ነገር ብዬ አልያዝኩትም። ትንኝ የማይነክሰው ማን አለ?

ብጉሩ በወሩ አልጠፋም። እሑድ እሑድ የነበረውን ማር በየቀኑ አደረግሁት። ጾሙ ሲገባ አሥር ሳንቲም ያህል ሰፍቶ አናቱ ተከፈተ፤ ቅርፊትም ያዘ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክኒንና ቅባት ሰጡኝና ካልተሻለሽ ተመለሽ አሉኝ። ክኒኑን ጨረስኩ። አልተሻለኝም። ከመመለሴ በፊት ግን አባየ መጡ።

አባየ ሲገቡ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በአንድ እጃቸው ማር የሞላ ጣሳ ይዘው ነበር። የኅዳሩ የመጀመሪያ ቁራጭ ነው፤ ለእንግዳ እንኳ የማይሰጡት። አገጬን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝና ብዙ አዩኝ።

«ቦራን ታስታውሻለሽ አይደል?» አሉኝ።

ቦራ ፈረሳቸው ነው። አንድ ጊዜ ኮርቻ ጀርባውን ልጦት ክፉ ገጣባ ወጥቶበት ነበር፣ አጥንቱ እስኪታይ ድረስ። አባየ ከሥራ አሳርፈው በማር አዳኑት። ዛሬ በዚያ ቦታ ላይ ነጭ ጠጉር በቅሏል እንጂ ሌላ ምልክት የለውም። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰው ፈረሱም በቅሎውም ሲገጠብ ወደሳቸው ይመጣል፤ ያከሙት ሁሉ ድኖላቸዋል። በእኛ አገር ፈረስ ማዳን ቀላል ክብር አይደለም። ፈረስ ያዳነ እጅ ሰው ያቅተዋል ብሎ የሚያስብ በቤታችን አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ።

ሕጉንም እንደ ቦራ አወጡልኝ። ውኃ አይንካው። የሐኪም ቅባት ከማር ጋር አይደባለቅ። ነፋስ እንዳይመታሽ ተሸፋፈኝ። አትጎንበሺ፣ ደም ወደ ቁስሉ ይወርዳል።

«ሳልጎነብስ እንዴት እሰፋለሁ አባየ?»

«ቦራም እኮ ሥራ ነበረው» አሉ።

ማሩን በማንኪያ ወደ ብልቃጥ ሲያዞሩልኝ፣ እንጅባራ ሆስፒታል ሄጄ ብታይስ አልኳቸው። ቀና ሳይሉ «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ ነው ልጄ። ማሩ ፊት የመርፌ ወሬ አታንሺ» አሉኝ። ባለቤቴ ደሳለኝ አጠገባችን ነበር። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ሲያወራበት ስለሚውል ቤት ሲገባ ዝም ማለት ይወዳል። ያን ቀንም ዝም አለ። በኋላ እንደነገረኝ፣ አማቱን ፊት ለፊት መቃወም ከብዶት ነው።

እንዲህ ሆነ። ማሩ ወፍሮ ይቀባል፣ ንጹሕ ጨርቅ ይደረግበታል። ጨርቁ ሲነሳ ቅርፊቱ አብሮት ይነሳል። ከሥሩ ቀይ፣ ንጹሕ ሥጋ ይታያል። መግልም ሽታም የለውም። አባየ ከጥርባ በመጡ ቁጥር ያንን እያዩ «ሥጋው እየመጣ ነው» ይሉ ነበር። የገጣባ መዳን እንደዚያ ነው የሚጀምረው፤ መጀመሪያ ይቀላል፣ ከዚያ ከዳር ይሰበሰባል። የእኔ ቀላ። አልተሰበሰበም። ቅርፊቱ በወደቀ ቁጥር ዳርቻው ትንሽ ወጣ ብሎ ይገኛል። በየቀኑ ለሚያየው ሰው ግን ልዩነቱ አይታይም።

ደንበኞቼ አዩት። ስለካቸው አንገታቸውን ወደ ኋላ ይሉ ጀመር። አንዷ የቀሚሷን ልክ ከቤቷ በክር ለክታ ላከችልኝ። ሳቅሁ፣ ክሩንም ተቀበልኩ። ከፋኝ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ማህሌት የምትባል ልጅ አለችኝ፤ ያኔ ጡት ከጣለች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ጎረቤት «ይኸ ነገር ይጋባል፣ ሕፃኗን አርቂ» ማለት ጀመረ። ከፋሲካ በኋላ አማቴ እትየ ጥሩወርቅ ከጥሊሊ መጡ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ እኔን ከገዛ ልጃቸው የማይለዩ ናቸው። ፊቴን አይተው እንባቸውን ጠረጉና «እስኪሻልሽ እኔ ልያዛት፣ ለሷም ለአንችም ነው» አሉኝ።

እኔም አመንኩ። ልጄን አዝለው ሚኒባስ ሲሳፈሩ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ልስማት አልደፈርኩም። ነጠላዬን በአፍንጫዬ ላይ ይዤ እጄን አወዛወዝኩ። እሷም አወዛወዘች። መኪናው ሄደ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ጠዋት በቀኝ አፍንጫዬ አየር እንቢ አለኝ። ጨርቁን አነሳሁ። መስታወት አየሁ። የአፍንጫዬ ክንፍ ጫፍ የለም። ትንሽ ነው የጎደለው። ግን የለም። ደግሜ አየሁ። በጣቴ ነካሁት። አላመመኝም። ያለማመሙ አስፈራኝ። ሱቅ ሄጄ ከፈትኩ፣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበርና። 

በዚያው ሳምንት አንዲት ነርስ ነጭ ጋዋን ልታሰፋ መጣች። ስለካት ወደ ኋላ አላለችም። እንዲያውም ፊቷን አስጠግታ «እስቲ ጨርቁን አንሽው» አለችኝ። አነሳሁት። ስንት ወር እንደሆነው፣ ያመኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከዚያ በለሆሳስ እንዲህ አለች፦ «እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ይኸ ቁንጭር ሳይሆን አይቀርም። ናሙና መወሰድ አለበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ነገ ሂጅ።»

ማታ ለደሳለኝ ነገርኩት። ዝምታውን ያን ማታ ተወ። «ነገ ባጃጇ ትቁም። አባየንም እኔ እደውልላቸዋለሁ» አለኝ። ጥርባ ላይ ኔትወርክ አልሠራ ብሎት ብዙ ሞከረ፤ በመጨረሻ አገኛቸው። እንጅባራ ሆስፒታል በር ላይ ስንደርስ አባየ ቀድመውን ቆመዋል። የማር ጣሳቸውን ይዘዋል። ሊያስቀሩኝ ነበር የመጡት፤ ቢሆንም ገባን።

የቆዳ ናሙና የሚወሰደው ከቁስሉ ዳርቻ በትንሹ ተፍቆ ነው። ያማል፣ ግን ቶሎ ያልቃል። ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ አዩት። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። ከአባየ ጋር አስገብታ አስቀመጠችን።

«በሽታው ኩታኒየስ ሌሽማናይሲስ ይባላል» አለችኝ። «በአማርኛ ቁንጭር የምንለው ነው። የሚያመጣው ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ የአሸዋ ዝንብ የምትባል፣ ከትንኝ ያነሰች ዝንብ በንክሻዋ ታስገባዋለች። እሷ ደግሞ ከሽኮኮ ትወስደዋለች። ገደል ባለበት፣ ሽኮኮ በሚኖርበት ቦታ አድረሽ ታውቂያለሽ?»

አባየ እኔ ከመመለሴ በፊት ቀና አሉ። ሲጨንቃቸው አዊኛ ይቀድማቸዋል፤ ያን ጊዜም በአዊኛ ጀምረው ወደ አማርኛ ዞሩ። መርፌ ከመጀመሩ በፊት ማሩ ጊዜ እንዲሰጠው ለመኗት። ስለ ቦራ ነገሯት። ገጣባው ምን ያህል እንደነበረ በመዳፋቸው አሳዩአት። እኔ አፈርኩ። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም፣ አላቋረጠቻቸውም።

«አባቴ፣ ለቦራ ማሩን ሲቀቡለት ኮርቻውን ምን አደረጉት?» አለቻቸው።

«አወረድኩለት እንጅ! ኮርቻ ተጭኖበት ገጣባ ይድናል?»

«የልጅዎ ኮርቻ አልወረደም» አለች። «ከቆዳዋ ሥር ነው ያለው። ማሩ ቅርፊቱን አለስልሶላታል፤ ሌላ ጀርም እንዳያመረቅዘውም ረድቷት ይሆናል። ከሥር ያለውን ግን አይደርስበትም። እሱን የሚያወርደው መድኃኒቱ ነው።»

 አባየ ጣሳውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

«እንግዲያው ያውርዱላት» አሉ።

ከዚያ እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። ጠባሳ ይቀርብኛል ወይ ብዬ አልጠየቅሁም። ወደ ልጄ መቼ መጠጋት እችላለሁ አልኳት። አልገባትም። ደገምኩላት።

«ይኸ ከሰው ወደ ሰው በመንካት አይተላለፍም» አለችኝ። «በመሳምም፣ አብሮ በመብላትም፣ አብሮ በመተኛትም። ልጅሽን ማን አርቂ አለሽ?»

 እኔ አለቀስኩ። ቁስሉ እንዳይረጥብ እያሰብኩ አለቀስኩ፤ የአባየ ሕግ ገና ከአእምሮዬ አልወጣም ነበር።

መድኃኒቱ እዚያ ስላልነበር ወደ ባሕር ዳር ላኩኝ። ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ይባላል። በየቀኑ በመርፌ ይሰጣል፣ ወር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው። ከመጀመሩ በፊት ደም ተመረመረ፤ ለጉበት፣ ለኩላሊት፣ ለቆሽት። እርግዝና አለመኖሩ ታየ። የልቤ ምት ኢሲጂ በሚባለው መሣሪያ ታየ፣ በየጊዜውም ተደገመ። መርፌው ያቃጥላል። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያዬ ሁሉ ያመኝ ጀመር። ምግብ ጠላሁ። አልጋ ላይ መገላበጥ ሥራ ሆነብኝ። አንድ ቀን ይብቃኝ አልኩ። በእውነት ይብቃኝ አልኩ።

አስታማሚዬ አባየ ነበሩ። እርሻ በሚደርስበት በሐምሌ መሬታቸውን ለወንድማቸው ትተው መጥተው ከአልጋዬ ሥር ሰሌን አንጥፈው ተኙ። ይብቃኝ ባልኩ ቀን አልተቆጡኝም። ሾርባውን በማንኪያ እያቀረቡ «ቦራ ከአንች ይሻል ነበር። የሰጡትን ይበላል፣ አያወራም» አሉኝ። ሳልፈልግ ሳቅሁ፣ ጠጣሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይቆማሉ፤ ፈረስ ሲያክሙ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ ሰው እኔ ስወጋ ማየት አልቻሉም።

መርፌው ሊያልቅ ሲል የቁስሉ ዳርቻ ጠፍጠፍ ማለት ጀመረ፤ አባየ ስንት ወር የጠበቁት መሰብሰብ አሁን መጣ፣ በየቀኑ ሳይሆን በየሳምንቱ ለሚያየው ሰው የሚታይ ሆኖ፣ ቅርፊቱም ማንም ሳይነካው አንድ ጠዋት ትራሴ ላይ ወድቆ ተገኘ። ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀጭንና የሚያብለጨልጭ ነበር። የጎደለው ጫፍ አልተመለሰም፣ እንደማይመለስም ሐኪሞቹ አስቀድመው ነግረውኛል፤ አየሩ ግን በሁለቱም በኩል ይገባና ይወጣ ነበር፣ እኔም ጤነኛ ሰው የማያስተውለውን ያንን ነገር ቁጭ ብዬ አጣጥመው ነበር።

ለክትትል በተመለስን ጊዜ ስለ ማር የጠየቁት አባየ ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሐኪሙ በደንብ መለሰላቸው። ክፍት ቁስል ላይ ከቀፎ የወጣ ማር አይደረግ፤ ለቁስል የሚዘጋጅ የተጣራ ማር በሕክምና እንዳለ፣ እሱም በሐኪም እንደሚታዘዝ ነገራቸው። ከዘጋ በኋላ ግን ደረቁን ቆዳ ለማለስለስ በስሱ መቀባት እንደምችል፣ መጀመሪያ ክንዴ ላይ ሞክሬ ካላሳከከኝና ካላበጠብኝ ብቻ እንደሆነ፣ አቆይቼም በለብታ ውኃ እንድታጠበው ነገረኝ። ማር ጠባሳ እንደማያጠፋ፣ ጠባሳውን የሚያጠቁረው ፀሐይ ስለሆነ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ እንዳይለየኝም አስጠነቀቀኝ። አባየ ሁሉንም በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ «እንግዲህ ማሩ ሥራ አልፈታም» አሉ፣ ወደ እኔ እያዩ።

መስከረም ላይ ማህሌት ከጥሊሊ መጣች። እትየ ጥሩወርቅ ራሳቸው አመጧት፤ ሐኪሟ ያለችውን ደሳለኝ ነግሯቸው ስለነበር በሩ ላይ ቆመው «ሳላውቅ ለየኋችሁ» አሉኝ። እኔም አላውቅም ነበር፣ ምን እላቸዋለሁ። ተቃቅፈን ገባን። ልጄ ግን አልቀረበችኝም። ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ሆና ታየኛለች። እጄን ዘረጋሁላት።

«የእማየ ፊት አይነካም» አለች።

ማንም በክፋት አላስተማራትም። ለመጠበቅ ብለው ነው የነገሯት፣ እሷም እንደ ታዛዥ ልጅ ይዛዋለች። አብራኝ ትበላለች፣ አልጋዬ ላይ ትተኛለች፣ ጀርባዬ ላይ ትታዘላለች። ፊቴን ግን አትነካም። ልስማት ስጠጋ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች፣ መርፌ እንደሚጠብቅ ሰው። ጠባሳዬ ከዚያ ወዲያ አላሳሰበኝም፤ ይኸ ግን እንቅልፍ ነሣኝ። አላስገደድኳትም። ደሳለኝም «ተያት፣ በራሷ ጊዜ ትመጣለች» አለኝ።

ጊዜዋ ሲደርስ የገና በዓል አልፎ ነበር። እሑድ ነው፣ ደጅ ጥላው ሥር ተቀምጬ በሐኪሙ ፈቃድ ፊቴን ማር ተቀብቻለሁ። ማህሌት ክር እየጠቀለለች ስትጫወት ቆይታ መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመች። ማሩን አየችው። ወደ ቤት ዞር ብላ አየች፣ የሚቆጣት ሰው እንዳለ ለማረጋገጥ ይመስለኛል። ከዚያ አንድ ጣቷን አነሳችና ጠባሳዬ ላይ አሳርፋ፣ ጠረግ አድርጋ፣ አፏ ውስጥ ከተተችው። ደገመችው። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ማሩን ልሳ ስትጨርስ ጣቷ እዚያው ቀረ፤ የጎደለውን ቦታ ዳር ዳሩን ዳሰሰችው።

«ያምሻል?» አለችኝ።

«አያመኝም።»

በማር በተጨማለቀ አፏ ሳመችኝ።

እግዚአብሔር ይመስገን። ፊቷን ሳታርቅ ፊቴን ያየችኝን ነርስ፣ አባቴን ሳታዋርድ ያሳመነቻቸውን ሐኪም፣ መርፌ ሲወጉኝ ይቅርታ ይሉኝ የነበሩትን ነርሶች፣ ባጃጁን አቁሞ የተከተለኝን ባለቤቴን አመሰግናለሁ። አባየ ዛሬም ከገደሉ ሥር ማር ይቆርጣሉ፤ አሁን ግን ሲመሽ ተሸፋፍነው፣ ጎጆዋ ውስጥም አጎበር ዘርግተው ነው። መንደሩ ሽማግሌው ለንብ አጎበር ገዙ እያለ ይስቅባቸዋል። ይሳቅ። ገጣባም ያክማሉ፤ ሰው ቁስል ይዞ ሲመጣባቸው ግን ማሩን አያወጡም፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ሐኪም አይቶታል?» ብለው ነው።

እናንተም ፊታችሁ ወይም እጃችሁ ላይ የወጣው ነገር ባያምም፣ ባያሳክክም፣ መግል ባይኖረውም፣ ሳምንታት አልፈውት ካልዳነ ናሙና አስወስዱ። ከሥሩ የሚታየው ንጹሕ ሥጋ አያታልላችሁ። ማሩን ለደረቀ ፊት አቆዩት። ደግሞ ከምንም በፊት፣ ሰውን ከልጁ ከመለየታችሁ በፊት፣ ይጋባል ወይ ብላችሁ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የአፍንጫዬን ጉድለት ረስቼው የምውልበት ቀን ብዙ ነው። ልጄን ሳልስም የነጋብኝን ጠዋት ግን አንዱንም አልረሳሁትም፤ ያ ሁሉ ጠዋት ደግሞ ያለ ምክንያት ነበር።